የብር ወንበርና የፊት ረድፍ ሶፋ

የዋግ ሰው ወንበር ሲሰጡት ጠርጠር ማለት የነበረበት ገና ዱሮ ነው። ከአባት ለልጅ የወረደው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ከዛግዌዎች ሲረከብ (“ሲረከብ” ያልኩት ለጨዋ ወግ ያህል ነው) ከዙፋን የወረዱት ነገሥታት ልጆች ዋግን ይዘው፣ ዋግሹም እየተባሉ፣ ሹመቱም ከዘራቸው ሳይወጣ እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። በዚያ ላይ አንድ ማዕረግ ተጨመረ። ሌላው መኳንንት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት አደግድጎ ሲቆም ዋግሹም በብር ወንበር ይቀመጣል፤ የብር ነጋሪትም ይጎሰምለታል። ላሊበላን ያነጸ ቤት መንግሥቱን ሰጥቶ መቀመጫ ተቀበለ ማለት ነው። የዋጓ ሰቆጣ ገበያ በአሞሌ ጨው ዘመን ስንት ብልጥ ነጋዴ አፍርቷል፤ እንዲህ ያለ ልውውጥ በዚያ ገበያ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ግን ሻጩን ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

ውሉ ግን ሠርቷል። ዐፄዎቹ ጎንደር ሲከትሙ፣ ጎንደርም ስትደክም፣ ዘመነ መሳፍንት ገብቶ ሲወጣ፣ የዋግሹሞች ቤት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰቆጣ ላይ ተቀምጦ ቆየ። የወንበሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የተቀመጠው ሰው “ከሁሉ በላይ ተከበርኩ” ብሎ ይደሰታል። አስቀማጩ ደግሞ በየግብሩና በየበዓሉ የቀድሞው ባለመንግሥት ልጅ ፊቱን ወደ ዙፋኑ አዙሮ ሲያየው ይደሰታል። ዋግሹም ከሌላው ጋር ቢቆም ኖሮ ምን እንደሚያስብ ማንም አያውቅም ነበር። የተቀመጠ ሰው ሐሳብ ግን ይታወቃል፤ የሚያስበው ስለ ወንበሩ ነው።

ሰቆጣ ዛሬም ስለ ወንበር ታስባለች። ምረቃ፣ ስብሰባ ወይም በዓል ያለ እንደሆነ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሶፋ ነው። ከአንዱ ቢሮ ወይም ከአንዱ ሆቴል ተጭኖ ይመጣና ድንኳኑ ፊት ይደረደራል። ፊቱ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃና የላስቲክ አበባ ይቀመጥለታል። ከሶፋው ኋላ ክንድ ማሳረፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ይሰለፋል፤ ከዚያ ማሳረፊያ የሌለው፤ ከዚያ አግዳሚ፤ ከዚያ መሬት፤ ከዚያ አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች። የዱሮው ሥርዓተ መንግሥት ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚቆም በብራና አስፍሮ ያስቀምጥ ነበር። የዛሬው በፕላስቲክ ያስቀምጣል። ክንዱን የሚያሳርፈውና የማያሳርፈው እንግዳ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከደጃዝማችና ከፊታውራሪ ርቀት አያንስም፤ የማያምን ካለ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊን ክንድ የሌለው ወንበር ላይ ያስቀምጥና ፊቱን ይመልከት።

ከእለታት ባንዱ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ መጥተው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ሮጦ ደረሰ።

“አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ተይዟል።”

“ለማን ነው ልጄ?”

“ለክቡር እንግዳችን።”

“መጡ እንዴ?”

“መንገድ ላይ ናቸው።”

“እንግዲያማ እስኪመጡ ላሙቅላቸው።”

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ክንዳቸውን ይዞ፣ በክብር ወደ ሦስተኛው ረድፍ አሸጋገራቸው። ሽማግሌው ቢተዋቸው ኖሮ በደንብ ባሞቁት ነበር፤ እንግዳው የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ማስጠበቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ከመልእክተኞቹ ጋር በ1513 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርስ ንጉሡን ለማየት ሳምንታት ፈጅቶበታል። ጥያቄ በመልእክተኛ ይመጣል፣ መልስ በመልእክተኛ ይሄዳል፤ እንደገና ሌላ ጥያቄ። መጨረሻ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጠው ታዩ፤ ያኔም ፊታቸው በሰማያዊ ሐር ተጋርዷል፤ ሐሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባም ለንጉሡ የሚናገርላቸው ቃለ ዐፄ የሚባል ባለሥልጣን ነበር። ንጉሥ በገዛ አፉ ከተናገረ ተራ ሰው ይመስላል ተብሎ ነው።

የዛሬው መጋረጃ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ነው፤ ቃለ ዐፄውም “ስብሰባ ላይ ናቸው” የሚለው ስልክ አንሺ። ልዩነቱ አንድ ነው። የልብነ ድንግል መጋረጃ ሲነሣ ከኋላው ልብነ ድንግል ነበሩ። የእኛ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ተወካይ ነው። ሳምንት ሙሉ መንገዱ ተጠርጎ፣ ባነሩ ተሰቅሎ፣ ሙክቱ ታርዶ፣ ከመኪናው የሚወርደው ሰው “ክቡር ኃላፊው በተደራራቢ ሥራ ምክንያት ስላልተመቻቸው” ብሎ ንግግራቸውን ያነብላቸዋል። ለዚህም ቢሆን ከዱሮ አባት አናጣም፤ ጠላት ንጉሡን እንዳይለይ በጦርነት ላይ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የሚሰለፍ ሊቀ መኳስ የሚባል ሹም ነበር። ሊቀ መኳስ በንጉሡ ፈንታ ጦር ይቀበል ነበር። ተወካዩ የሚቀበለው ጥያቄ ነው፤ ጦሩን የሚመርጥ ተወካይ እንዳለ ግን ከአንዳንዶቹ ፊት አንብቤአለሁ።

አሁን ወደ አክሱሙ ገመድ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያስቀናኝ እሱ ነውና።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ ዐፄ ሱስንዮስም በ1600 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ቀድሞ ነግሠውም ቢሆን፣ ሥርዓቱን ለመፈጸም አክሱም ድረስ ወርደዋል። እዚያ የጽዮን ደናግል መንገዱን በገመድ ይዘጋሉ። ንጉሡ በፈረስ፣ ሠራዊቱ ከኋላ፣ ካህናቱ ከፊት። ልጃገረዶቹ “ማን ነህ?” ይሉታል። ንጉሥነቱን ይናገራል። “አይደለህም” ይሉታል። ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁለተኛም “አይደለህም” ይባላል። በሦስተኛው ሰይፉን መዝዞ ገመዱን ይቆርጣል፤ ያኔ እልል ተብሎ ንጉሥነቱ ይመሰከርለታል። መጨረሻው ለማንም የተሰወረ አልነበረም። “አይደለህም” ስለተባለ ፈረሱን አዙሮ አገሩ የገባ ንጉሥ የለም። ቢሆንም ሰይፍ የታጠቀ፣ አገር የሰበሰበ ሰው፣ ሁለት ልጃገረዶች በያዙት ገመድ ፊት ቆሞ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ፈረሱም ሳይቀር ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ገመዱ ዛሬም አለ፤ ሪባን ሆኗል። ልጃገረዶቹም አሉ፤ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ጫፍና ጫፉን ይዘዋል። ሰይፉ መቀስ ሆኖ በትሪ ይቀርባል። የጎደለው ጥያቄው ብቻ ነው። እንግዳው ይመጣል፣ ይቆርጣል፣ ይጨበጨባል፣ ካሜራው ካላነሣው ሁለተኛ ይቆርጣል። እኔ አንዳንድ ጊዜ የውሃ ቦኖ ሲመረቅ ቆሜ ልጆቹ እንደ አክሱሞቹ ቢጠይቁ ብዬ አስባለሁ። “ማን ነህ?” “የዘርፉ ኃላፊ ነኝ።” “አይደለህም፤ አምና ይሄንኑ ሊመርቁ የመጡት ሌላ ነበሩ።” ተመልሶ ይመጣል። “ማን ነህ?” “አዲሱ የዘርፉ ኃላፊ ነኝ።” “ቧንቧውን ክፈተውና እንየው።” ሦስተኛው ዙር ላይ ሪባኑ ይቆረጥ ይሆናል፤ የፕሮግራም መሪው ግን ከዚያ በፊት ራሱን ይስታል።

መሠረተ ድንጋይስ? አገራችንን መሠረት በማስቀመጥ ማንም አይቀድማትም፤ ከመሠረቱ በላይ ያለው ነው የሚያዘገየን። ስምና ቀን የተቀረጸበት እብነ በረድ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሜዳ መካከል ብቻውን ቆሞ የሚታይበት ከተማ አንድና ሁለት አይደለም። በዋግ በኩል የድንጋዩን ጥቅም በቅጡ የተረዳችው የአበርገሌ ፍየል ናት። እላዩ ወጥታ በኋላ እግሮቿ ትቆምና ከታች የማትደርስበትን የግራር ቅጠል ትቀነጥባለች። ለአካባቢው ማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል ቢባል ውሸት አይደለም።

ካባውን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዱሮ ካባ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ንጉሥ የሾመውን ሰው ያለብሰዋል፣ በቅሎ ከነመረሻቷ ይሰጠዋል፣ ከወደደው ራሱ ላይ ወርቅ ያስርለታል። የለበሰው ሰው ዕዳውን ያውቃል፤ ግብር ይሰበስባል፣ ክተት ሲባል ጦሩን ይዞ ይወጣል፣ ካጠፋ ካባው ተገፎ በሰንሰለት ይታሰራል። ዛሬ ካባ ሽቅብ ይወጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የአገር ሽማግሌዎች ቆመው ያለብሱታል፤ ጋሻና ጦርም ያስታቅፉታል። ጋሻውን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ጦሩን ይዞ ፎቶ ይነሣል። በዓመት ዐሥር ወረዳ የዞረ ሰው ቤት ስንት ካባ እንደሚኖር አስቡት። አልባሹ ሕዝብ፣ ለባሹ ሹም ከሆነ ዕዳው የማን እንደሆነ ማንም ደፍሮ አይናገርም። ካባ ተገፎበት የሄደ እንግዳ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

በወንበሩ አልረካም ያለ ዋግሹም ኖሮ አያውቅም እንዳትሉኝ፤ ጎበዜ ነበረ። አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ አስገድለውበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ጎበዜ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ፤ ስሙንም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ አሰኘ። እስቲ ስም አመራረጡን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ተክለ ጊዮርጊስ በጎንደር ስንት ጊዜ ነግሠው ስንት ጊዜ የተሻሩ፣ ሰውም “ፍጻሜ መንግሥት” ብሎ የሰየማቸው ንጉሥ ናቸው። ከነገሥታቱ ስም ሁሉ ይህንን የመረጠለት አማካሪ ወይ ታሪክ አያውቅም፣ ወይ አብጠርጥሮ ያውቃል።

ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት ነበር። በአባቱ የዛግዌ፣ በእናቱ የጎንደር ነገሥታት ዘር ይቆጥራል። ሠራዊቱ ብዙ ነው። የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሰ። የጎደለው አንድ ሰው ነበር፤ ቅብዐ መንግሥት የሚቀባ ጳጳስ። ግብጻዊው አቡነ ሰላማ በዚያው በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መቅደላ ላይ በእስር ሳሉ ዐርፈዋል። ጳጳስ ደግሞ ከእስክንድርያ እንጂ ከሰቆጣ ገበያ አይገኝም። ጎበዜ ያለ ጳጳስ ነገሠ። የሚስቱ ወንድም የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን የአክሊሉን ሥራ ከጫፉ ጀመረው፤ ሳይነግሥ በፊት ጳጳስ ከግብጽ አስመጣ። አቡነ አትናቴዎስ በ1861 ዓ.ም. ገቡ። እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለዋለላቸው ውለታ የተዉለት መድፍና ጠመንጃም ቤቱ ነበር።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ተገናኙ፤ ጎበዜ ተማረከ። ጥር 1864 ዓ.ም. ካሳ አክሱም ላይ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ጦርነቱን ያሸነፈው መድፉ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እኔም አልቃወምም። መድፍ ግን ማንንም ማርኮ ሊሰጥህ ይችላል እንጂ “እከሌ ዐመፀ” በሚለውና “እከሌ ነገሠ” በሚለው መካከል ያለውን መስመር አያሰምርልህም። ያንን የምታሰምረው አንዲት የቅብዐ ቅዱስ ብልቃጥ ነበረች። የዋግ ቤት መቀመጫ በመቀበል ስድስት መቶ ዓመት ስለሠለጠነ፣ ዙፋንም መቀመጫ ብቻ መስሎት ሳይሆን አይቀርም።

የነጋሪቱ ነገር አጭር ነው። ያ በየገበያው አዋጅ የሚጎሰምበት ከበሮ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ወረቀት ሆኗል፤ ነጋሪት ጋዜጣ። ሲጎሰም የማይሰማ ነጋሪት በመሥራት ከዓለም ቀዳሚ ሳንሆን አንቀርም።

ሰቆጣ ደግሞ በዘመናችንም ወንበር ተሰጥቷታል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ቃል ሲገባ፣ ለዚህ ቃል የተመረጠው ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። በ1977ቱ ድርቅ ስሟ ከረሀብ ጋር የተነሣ ከተማ፣ አሁን ረሀብን ለመካድ በተገባው ቃል ላይ ስሟ ተጻፈ። እንደ ክብር ከቆጠርነው ትልቅ ክብር ነው። ሰቆጣን በካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኛት ሰው እንኳ በትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ፣ በፓወር ፖይንት ፊት ቆሞ፣ ከቡና እረፍት በፊት ስሟን ደጋግሞ ይጠራታል። ሰቆጣ የፊት ረድፍ ተቀምጣለች። ሥራ የለም አላልኩም፤ ጤናውን፣ ግብርናውን፣ ውሃውን አንድ ላይ አቀናጅቶ የመሥራት ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ተለውጧል የሚባልበት ቀበሌም አለ። ሆኖም በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ በኩል በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ሰማዩ ሲነጥፍ፣ ቃል ኪዳኑ ላይ ያለው ስም ዝናብ እንዳላመጣ እረኛውም ያውቃል። ውል የሚጻፍበት ብራና ሁሉ ላይ ስሙ ያለ፣ ዕቃው ግን ሌላ ቤት የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚባል ለዋግ ሽማግሌዎች መንገር አያስፈልግም። እነሱ የብሩን ወንበር ያውቁታል።

በነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ይገባል። ልጃገረዶቹ ቄጠማ የመሰለውን ለምለም ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኳኩለው፣ ሹሩባ ተሠርተው ይወጣሉ። ቀድሞ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ባለቤቱን ያወድሱታል፣ ባለቤቱም እጁን ይዘረጋል፣ እጁን ካልዘረጋ ግጥሙ ይዞራል። አሁን ከዚያ ሌላ መድረክም ተጨምሯል፤ ሶፋው፣ ባነሩ፣ “ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ” ብሎ የሚጀምረው ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ንግግር። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ ሻደዩ ወገባቸው ላይ ይጠወልጋል።

ንግግሩ ሲያልቅ ግን ተራው የእነሱ ነው። ከበሮው ይመታል፣ ክብ ይሠራሉ፣ ክቡ እየጠበበ ሶፋው ጋ ይደርሳል። እዚያ ባለ ባጁ ልጅ ምንም አያደርግላቸውም። ጥቁር መስታወት የለም፣ ስልክ አንሺ የለም፣ “ሐሳቡን ወስደን እንመለከተዋለን” የሚባልበት ሰዓት የለም። ባለ ካባው ተወካይም ቢሆን እንደ ዋናው ይወደሳል፣ እንደ ዋናው ይከፍላል። ባለፈው አንዱ እንግዳ አንድ መቶ ብር አውጥቶ ለመሪዋ ሲሰጥ፣ ልጅቱ ብሩን ከፍ አድርጋ ለጓደኞቿ አሳየቻቸው። ተያይተው ሳቁ። ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ከጎኑ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሱ ዞረዋል። ሁለተኛውን መቶ ሲያወጣ እልል አሉለት፤ ወደሚቀጥለው ሶፋም ዞሩ።